ምግብን በየደረጃው መጠበቅ

ምግብ ሐላል ብቻ ሳይሆን ጠይብ፣ ማለትም ንጹሕና ጤናማ፣ ሊሆን ይገባል።

በ1960ዎቹ የሚኒያፖሊሱ ፒልስበሪ ኩባንያ ለናሳ ጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ፣ ያለቀለትን ምግብ ከመመርመር ይልቅ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ መቆጣጠር ጀመረ። በዚሁ መንገድ የኤፍዲኤ መመሪያ የምግብ ቤት ምግቦችን በአዘገጃጀታቸው በሦስት ይከፍላል፦ እንደ ሰላጣ ሳይበስል የሚቀርብ፣ እንደ ጥብስ በስሎ በዕለቱ የሚቀርብ፣ በስሎና ቀዝቅዞ እንደገና የሚሞቅ።

ባክቴሪያ ከ41 እስከ 135 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባል። ለነገ የሚቀመጥ ወጥ ይህን ክልል ደጋግሞ ስለሚያልፍ ይበልጥ ያሰጋል። በ2 ሰዓት ከ135 ወደ 70፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ወደ 41 ይውረድ፤ ሲሞቅ 165 ይድረስ። ትልቅ ድስት ውስጡ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉ፤ በቴርሞሜትርም ለኩ።

ለኢፍጣር የመጣ እንግዳ ሙቀት አይለካም፤ እናንተን አምኖ ይበላል። ይህ አማና ነው።