ሞላው ሲለጠጥ ሞገዱ ይዘገያልን?

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ በቃል ይዞ መድገም ብቻውን ባለሙያ አያሰኝም፤ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ማሳረም ይጠበቅበታል። የፊዚክስ ተማሪዎች ግን አብዛኞቻችን የሞገድን ትምህርት የተቀበልነው «ፍጥነት የድግግሞሽና የሞገድ ርዝመት ብዜት ነው» የሚለውን ቀመር በመሸምደድ ነው። እስቲ ዛሬ ሞላ ይዘን ራሳችን እንቁጠረው።

ሞላ ስንል ጠንካራውን የመኪና ሞላ ማለታችን አይደለም። በ1945 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ከተማ ለልጆች መጫወቻነት ለገበያ የቀረበውን ዓይነት፣ ልልና ብዙ ጥምዝ ያለውን ነው። (የማሰሪያ ሽቦ ጠምዝዞ ለመሥራት መሞከር አያዋጣም፤ አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስምና።)

ሁለት ተማሪዎች ሞላውን በለስላሳ ወለል ላይ እስከ 2 ሜትር ለጥጠው ጫፍና ጫፉን ይያዙ። አንደኛው እጁን ወደ ጎን አንድ ጊዜ ነቅነቅ ሲያደርግ ትንሽ ጉብታ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ከተያዘው ጫፍ ስትደርስ ወደ ተቃራኒው ጎን ተገልብጣ ትመለሳለች። እጅን ማፍጠን ጉብታዋን ያጠባታል እንጂ ጉዞዋን አያፈጥነውም። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሞላው እስከ 4 ሜትር ይለጠጥ። መንገዱ እጥፍ ሆኗል። ጉብታዋ ደርሳ ለመመለስ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል? ውድ አንባብያን፣ ከማንበባችሁ በፊት ግምታችሁን በወረቀት ጻፉ።

ጊዜው አይለወጥም ለማለት ይቻላል።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የሞላው መጠነ ቁስ 200 ግራም፣ አንድ ሜትር ለመለጠጥ የሚያስፈልገው ጉልበት 0.8 ኒውተን ነው እንበል። በ2 ሜትር ላይ ውጥረቱ 1.6 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ኪሎ ግራም ይይዛል። የሞገዱ ፍጥነት ውጥረቱ ለዚህ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩት ነው፤ በሰከንድ 4 ሜትር ይሆናል። በ4 ሜትር ላይ ግን ውጥረቱ ወደ 3.2 ኒውተን ያድጋል፣ የአንዱ ሜትር ድርሻም ወደ 0.05 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ፍጥነቱ 8 ሜትር በሰከንድ ሆነ። መንገዱም ፍጥነቱም እጥፍ ስለሆኑ ለመሄድ ግማሽ ሰከንድ፣ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ በሁለቱም ጊዜ ይበቃል። ይህ የሚሠራው ሞላው ሳይለጠጥ ካለው ርዝመት ብዙ እጥፍ ሲለጠጥ መሆኑን አንርሳ። ሦስት ምልልስ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ደግሞ የሰዓት አያያዝ ስሕተትን ይቀንሳል።

ይህን ያየ ተማሪ «ታዲያ አዝማሪው በማሲንቆው የፈረስ ጭራ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ድምፁ ለምን ይቀጥናል? ርዝመት ለውጥ አያመጣም አላላችሁምን?» ብሎ ሊሞግተን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጣቱ ጭራውን አይለጥጠውም፤ የሚርገበገበውን ክፍል ብቻ ያሳጥረዋል። ውጥረቱና የእያንዳንዱ ሜትር ክብደት እምብዛም ስለማይለወጡ የሞገዱ ፍጥነት ባለበት ይቆያል። መንገዱ ሲያጥር ምልልሱ በሰከንድ ውስጥ ይበዛል፤ ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ ድምፁም ይቀጥናል።

ይኸው በሞላውም ይታያል። 4 ሜትር እንደተለጠጠ ሦስተኛ ተማሪ መሐሉን ወለሉ ላይ አጥብቆ ይያዝ። ጉብታዋ ከእጁ ደርሳ የምትመለሰው በግማሽ ሰከንድ ነው።