የኬሚካዊ ሚዛን ጥያቄዎች ለመግቢያ ፈተና፦ አቅጣጫን ከስሌት ስለ ማስቀደም

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጉዘው ብሔራዊ ፈተናውን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ውጤቱ መንስኤ ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙም ይባላል። ይህ ጽሑፍ ከሰፊው ጉዳይ አንድ ጠባብ ክፍል ብቻ ይመረምራል፦ በ11ኛ ክፍል የሚጀምረውና በ12ኛ ክፍል ወደ አሲድና ቤዝ ሚዛን የሚዘልቀው የኬሚካዊ ሚዛን ትምህርት በምን ቅደም ተከተል ቢቀርብ ለተፈታኙ ይጠቅማል?

የቅደም ተከተሉ ጉዳይ እንደ ጥቃቅን የአቀራረብ ምርጫ ሊታይ ይችል ይሆናል። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከገበዝ ማርያም ዙሪያ ገጠር ለሚመጣ ተማሪ ግን እንዲያ አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ የተረፈው የማስተማሪያ ጊዜም አጭር ነው። አንድ መምህር ለዚህ ምዕራፍ ያለው ሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስተምረው ነገር ምናልባት ተማሪው በእርግጠኝነት ይዞት የሚሄደው ብቸኛው ነገር ይሆናል። በተለመደው አካሄድ የመጀመሪያው ቦታ የሚሰጠው ለስሌት ሰንጠረዡ ነው፤ የአጸግብሮቱ አቅጣጫ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም እንደ ተጨማሪ ነጥብ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው፦ መጀመሪያ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ወሰን፣ በመጨረሻ ቁጥር።

አስቀድሞ ግን ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ማብራሪያው በአብዛኛው የሚሰጠው በአማርኛ ነው። በአማርኛ «ሚዛን» ሲባል ደግሞ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሁለቱ ሳህኖቹ እኩል ሲሆኑ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የገበያ ሚዛን ነው። ተማሪው ከዚህ ሥዕል ተነሥቶ በሚዛን ጊዜ የአጸግባሪዎችና የውጤቶች መጠን እኩል ይሆናል ብሎ ቢደመድም የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራዋል። እኩል የሚሆኑት ግን መጠኖቹ ሳይሆኑ የወዲያና የወዲህ ጉዞ ፍጥነቶች ናቸው። ከሳህኑ ይልቅ ገበያው ራሱ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ወደ ገበያው የሚገባው ሰውና ከገበያው የሚወጣው ሰው ሲተካከል፣ ሰዎቹ እየተለዋወጡ እንኳ በገበያው ውስጥ ያለው ሕዝብ ቁጥር አይለወጥም። በገበያው ያለው ሕዝብ በየቤቱ ከቀረው ጋር እኩል መሆን አለበት የሚል ግን ማንም የለም።

ጉልድበርግና ቫጌ የተባሉት የኖርዌይ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1864 ባቀረቡት ሕግ ላይ በተመሠረተው አገላለጽ፣ የውጤቶች ኮንሰንትሬሽን እያንዳንዱ በእኩልታው ላይ ባለው ተባዢ ልክ ርቢ ተሰጥቶት ይባዛል፤ የተገኘውም በተመሳሳይ መንገድ ለተሰላው የአጸግባሪዎች ብዜት ይካፈላል። ይህ ድርሻ በሚዛን ጊዜ በተወሰነ ሙቀት የማይለወጥ ቁጥር ነው፤ «ኬ» እንበለው። ያው ድርሻ በማንኛውም ሌላ ቅጽበት ሲሰላ «ኪው» ይባላል። ኪው ከኬ ካነሰ አጸግብሮቱ ወደ ውጤቶች፣ ከበለጠ ወደ አጸግባሪዎች ይሄዳል። ለአቅጣጫ የሚያስፈልገው ይህ ንጽጽር ብቻ ነው፤ ባዶ እጅ ለሚሰላበት የፈተና አዳራሽም ከሌላው ሁሉ የቀለለ ነው።

አንድ የተለመደ ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። ሃይድሮጅንና አዮዲን ተዋሕደው ሁለት ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሰጣሉ፤ ሁሉም ጋዝ ናቸው፤ በተሰጠው ሙቀት ኬ 49 ነው። ባለ 1 ሊትር ዝግ ዕቃ ውስጥ 0.2 ሞል ሃይድሮጅን፣ 0.2 ሞል አዮዲንና 2.0 ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ ገብቷል። በሚዛን ጊዜ የሃይድሮጅን አዮዳይድ ኮንሰንትሬሽን ስንት ነው?

ከሰንጠረዡ የሚጀምር ተማሪ በልማድ ለአጸግባሪዎች «ሲቀነስ ሸ»፣ ለውጤቱ «ሲደመር 2ሸ» ብሎ ይጽፋል። የሁለቱንም ወገን ዳግም ዘር ወስዶ (2 + 2ሸ) ÷ (0.2 − ሸ) = 7 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም 9ሸ = −0.6 ያገኛል። ሒሳቡ ራሱ «ተሳስተሃል፣ ተመለስ» ይለዋል። ነገር ግን አሉታዊ ኮንሰንትሬሽን እንደማይኖር የተማረ ተፈታኝ፣ ሸ የኮንሰንትሬሽን ለውጥ እንጂ ኮንሰንትሬሽን አለመሆኑን ሳያስተውል፣ የመቀነስ ምልክቱን ሊጥለው ይችላል። ሸ 0.067 ነው ይላል፤ መልሱም 2.13 ይሆንበታል። ጠንቃቃ ጥያቄ አውጪ ይህን ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል ማስገባቱ አይቀርም።

ከኪው የሚጀምረው ግን 2.0 × 2.0ን ለ0.2 × 0.2 አካፍሎ 100 ያገኛል። 100 ከ49 ይበልጣል፤ ስለዚህ ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ገና ምንም እኩልታ ሳይፈታ መልሱ ከ2.0 በታች መሆኑን ያውቃል። ምርጫዎቹ 2.40፣ 2.13፣ 1.87 እና 0.93 ቢሆኑ ሁለቱ ወዲያውኑ ወደቁ ማለት ነው። የቀሩትን ሁለት ደግሞ በማባዛት ብቻ መፈተን ይቻላል። 1.87 ከሆነ የቀነሰው 0.13 ነው፤ ግማሹ ወደ ሃይድሮጅን ይሄዳልና ሃይድሮጅን 0.265 ይሆናል፤ ይህ በ7 ሲባዛ 1.86 ገደማ ይሰጣል። 0.93 ከሆነ ሃይድሮጅን 0.735 ይሆናል፤ በ7 ሲባዛ ከ5 ይበልጣል፤ ከ0.93 ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በአንጻሩ በቀጥታ መፍታት የፈለገ ምልክቶቹን በትክክለኛው አቅጣጫ ጽፎ (2 − 2ሸ) ÷ (0.2 + ሸ) = 7 ከሚለው ሸ = 0.067፣ መልሱም 1.87 መሆኑን ያገኛል። ዳግም ዘር የመውሰዱ ዘዴ የሚሠራው ሃይድሮጅንና አዮዲን እኩል ስለሆኑ ብቻ መሆኑን መምህሩ ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

ምርጫዎችን እየጣሉ መሥራት «ትምህርት ሳይሆን የፈተና ብልሃት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ለቃላት ፈተና ተቃውሞው ሊሠራ ይችላል። እዚህ ግን ምርጫውን የጣለው መርሑ ራሱ ነው፤ ኪው ከኬ በለጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልተረዳ ተማሪ 2.13ን መጣል አይችልም።

ሁለተኛው አሳሳች ቦታ ኬ በጣም ትንሽ በሚሆንበት ጊዜ ነው። «ሸ ትንሽ ስለሆነ ተወው» የሚለው ትእዛዝ በተማሪዎች ደብተር ሁሉ ይገኛል፤ መቼ እንደማይሠራ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አልተጻፈም። ጠላ ሲኮመጥጥ የሚፈጠረውን አሴቲክ አሲድ እንውሰድ፤ ቋሚ ቁጥሩ 0.000018 ነው። ኮንሰንትሬሽኑ 0.1 ሲሆን የሸ ዳግም ርቢ 0.0000018፣ ሸ ደግሞ 0.00134 ይሆናል፤ ይህ ከ0.1 ላይ 1.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ መተዉ አይጎዳም። አሲዱ ቀጥኖ 0.0001 ሲደርስ ግን በዚያው መንገድ የሚገኘው ሸ 0.0000424፣ ማለትም 42 በመቶ ነው። ኳድራቲክ እኩልታውን በትክክል ስንፈታው 0.0000344 ይሆናል፤ በፒኤች 4.37 እና 4.46 ማለት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ መነሻው ኮንሰንትሬሽን ለኬ ሲካፈል ከ400 በላይ ከሆነ ስሕተቱ አያሳስብም። 400 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የአንድ አራት መቶኛ ዳግም ዘር አንድ ሃያኛ፣ ማለትም 5 በመቶ ስለሆነ ነው። ተማሪው ይህን አንድ መስመር ካየ ደንቡን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ስለ ጠጣር ነገሮች ሚዛን ለማስተማር ደግሞ ለዚህ አካባቢ ከኖራ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በምዕራብ ጎጃም ደጋማ ቦታዎች አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚበተነው በአብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በኃይለኛ ሙቀት ሲቃጠል የተቃጠለ ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሁለቱ ጠጣሮች በኬ አገላለጽ ውስጥ ስለማይገቡ ኬ የሚሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ብቻ ነው፤ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወደ 1 አትሞስፌር ይደርሳል። በሚዛን ላይ ላለ ዝግ ዕቃ ተጨማሪ የኖራ ድንጋይ ቢጨመር ግፊቱ አይለወጥም፤ ይህን ተማሪዎች በቶሎ ይቀበሉታል። የሚያደናግራቸው ተቃራኒው ነው፦ ድንጋዩ ቢያንስስ? በዚያ ሙቀት 1 ሞል ጋዝ በ1 አትሞስፌር 96 ሊትር ያህል ይይዛል። ባለ 96 ሊትር ባዶ ዕቃ ውስጥ 50 ግራም፣ ማለትም ግማሽ ሞል የኖራ ድንጋይ ብቻ ብናስገባ ሁሉም ተቃጥሎ አልቆ ግፊቱ 0.5 አትሞስፌር ላይ ይቀራል። ኪው ከኬ ጋር ሳይገናኝ አጸግብሮቱ ቆመ፤ ሚዛን የለም። ወሰን የምንለው ይህን ነው። በክፍት ምድጃም ጋዙ እያመለጠ ኪው ከኬ በታች ስለሚቆይ ድንጋዩ እስከ መጨረሻው ይቃጠላል።

የሌ ሻትልየ መርሕ እ.ኤ.አ. በ1884 ከቀረበ ጀምሮ የዚህ ምዕራፍ ዋና መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ጥቅሙም አይካድም። ይሁን እንጂ «የተጨመረው ነገር እንዲቀንስ ይሄዳል» በሚለው የአፍ አባባሉ ብቻ ከተያዘ ያሳስታል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በቆሎ አምራች የሚጠቀምበት ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳየውና በ1913 በኦፓው ፋብሪካ ሥራ በጀመረው ዘዴ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ይገኛል። ሙቀትና ግፊት ሳይለወጡ፣ ዕቃው መስፋት እየቻለ፣ በሚዛን ላይ ላለ ድብልቅ ናይትሮጅን ብንጨምርስ? ሕጉን በቃል የያዘ «ወደ አሞኒያ» ይላል። በዚህ ሁኔታ ግን ኪው የሚከተለው የጠቅላላውን ሞል ዳግም ርቢ ለናይትሮጅን ሞል ተካፍሎ ነው። ናይትሮጅን 3፣ ሃይድሮጅን 1፣ አሞኒያ 1 ሞል ካለ ይህ ድርሻ 25 ÷ 3፣ ማለትም 8.33 ነው። 1 ሞል ናይትሮጅን ሲጨመር 36 ÷ 4፣ ማለትም 9 ይሆናል። ኪው አደገ፤ ስለዚህ አሞኒያ ይፈርሳል። ናይትሮጅን ከድብልቁ ከግማሽ በላይ በሆነ ቁጥር እንዲሁ ነው።

ይህን ለ12ኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ማስተማር ያስፈልጋል ማለታችን አይደለም። ለመምህሩና ጥያቄ ለሚያወጣው ግን ያስፈልጋል፤ «ናይትሮጅን ቢጨመር ምን ይሆናል?» ብሎ ይዘቱ ወይስ ግፊቱ እንደማይለወጥ ሳይገልጽ የሚጠይቅ ጥያቄ ያልተሟላ ነውና። ተፈታኙ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመው ዕቃው እንደማይሰፋ ቆጥሮ ቢሠራ ይመረጣል፤ ይዘቱ በማይለወጥ ዕቃ ውስጥ ናይትሮጅን ሲጨመር አካፋዩ ብቻ ስለሚያድግ ኪው ሁልጊዜ ይቀንሳል፣ አጸግብሮቱም ወደ አሞኒያ ይሄዳል።