የጋሼ ዳትሰን ስንት ታወጣለች?

ጋሼ ሲያርፉ፣ ሜሪላንድ ካለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ሸራ የለበሰች ዳትሰን 240ዜድ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል። «ይቺን ቆርቆሮ ማን ይገዛታል?» አሉ አክስቴ። አንድ ጎረቤት «ላንሳላችሁ» ሲላቸው ቁልፉን ሊሰጡት ምንም አልቀራቸውም።

ይህች ዓይነት መኪና አሜሪካ መሸጥ ስትጀምር ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2020 ግን ከ22,000 ማይል በታች የተነዳች አንዲት የ1971 ዳትሰን በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ወጥቶባታል። የዘመዳችሁ መኪና እሷን ታክላለች ብላችሁ አትጎምጁ፤ የት ላይ እንደምትቆም ሳታውቁ ግን ዋጋ አትጥሩ።

1. አትንኳት

የመጀመሪያው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ዓመታት የቆመ ሞተር በድንገት ከተነሣ ታንከሩ ውስጥ የተበላሸው ቤንዚን ከነዝቃጩ ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል፤ የደረቀው ሲሊንደርም ይፋቃል። ቀለም ማስቀባት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ገዢው አዲሱን ቀለም ሲያይ «ከሥሩ ምን ደብቀው ይሆን?» ይላል እንጂ አያደንቃችሁም። ከነአቧራዋ ፎቶ አንሷት።

2. ወረቀቱ በማን ስም ነው?

እኛ ሊብሬ የምንለውን አሜሪካኖቹ ታይትል ይሉታል። በሟች ስም ከሆነ ልጅም ሆነ ሚስት ተነሥተው መፈረም አይችሉም። ሜሪላንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የኑዛዜ መዝገብ ቤት ሄዶ የንብረት አስተዳዳሪነት ደብዳቤ ማውጣት ያስፈልጋል። የጋራዥ ደረሰኞችንም አንድ ላይ ሰብስቡ። በዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ኮንታኪሎሜትር ከ99,999 ማይል በኋላ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ ስንት እንደተነዳች የሚመሰክረው ደረሰኙ ነው።

3. ቁጥሮቹን አስተያዩ

ኮፈኑን ክፈቱ። 17 አሃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ደንብ የሆነው ከ1981 ሞዴል ወዲህ ስለሆነ እዚህ አትፈልጉት፤ ወደ አሜሪካ የመጡት ግራ መሪዎች «ኤችኤልኤስ30» ብሎ የሚጀምር ቁጥር አላቸው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ትይዛለች። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሰሌዳዋ ጋር ከገጠመ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። «ኤል28» የሚል ካገኛችሁ፣ በኋላ ከመጣችው 280ዜድ ተወስዶ የተገጠመ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱ ቢበልጥም ሰብሳቢ ገዢ ፊቱን ያጠቁርበታል። ካምቢዮዋንም ተመልከቱ፤ ማንዋሏ ከአውቶማቲኳ በደንብ ትፈለጋለች።

4. ዝገት

የዚህች መኪና ጠላት ይህ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው በሚረጭበት አገር የኖረች ከሆነ ደግሞ አስቡት። የባትሪውን መቀመጫ አንሥታችሁ እዩ፤ አሲድ ሲንጠባጠብበት የኖረ ላሜራ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። የበሩን ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ጥግ፣ የኋላ በሩን ጠርዝ አትለፉ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አስኪዱ፤ አልይዝ ባለበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በመጨረሻ ሜካኒክ በክሪክ አንሥቶ ከወለሉ ሥር የሚሄዱትን ተሸካሚ ብረቶች ይይላችሁ። እነሱ ከበሰበሱ የላይኛው ውበት ብዙም አያድናትም።

5. ሣጥኖቹ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልናገር። ጋሼ በወጣትነታቸው ፍጥነት ይወዱ ስለነበር የፋብሪካውን ሁለት ሂታቺ ካርቡሬተሮች አውልቀው በሦስት ዌበር ለውጠዋል። አሮጌዎቹን ግን በካርቶን አስቀምጠው ነበር። ጋራዡን ስናጸዳ የአጎቴ ልጅ ካርቶኑን ከቆሻሻ ጋር አወጣው። የመጀመሪያው ገዢ መጥቶ ገና ኮፈኑ ሲከፈት የጠየቀው «የድሮዎቹስ የት አሉ?» ብሎ ነው።

6. አሁን ዋጋ

የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ሰው ሕልሙንም ይለጥፋል። ብሪንግ ኤ ትሬይለር የተባለው የጨረታ ገጽ መኪኖቹ በስንት እንደተሸጡ ያሳያል፤ ተጫርተው ሳይሸጡ የቀሩትንም ጭምር። የሀገርቲ የዋጋ ማውጫ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል፤ 1 እንከን የለሽ፣ 4 ደከም ያለች። ባለቤት ሁሉ የራሱን መኪና 2 ይላታል። እናንተ 3 ብላችሁ ጀምሩና በደረጃ 4 ላይ የምታወጣውንም እዩ።

ገማች ስትቀጥሩ ክፍያው ቁርጥ ይሁን፤ ከዋጋው በመቶኛ የሚጠይቅ ወይም «እኔው ልግዛት» የሚል ከሆነ ሸኙት። የግምት ወረቀቱ መኪናዋ ዘመዳችሁ ባረፉበት ቀን የነበራትን ዋጋ ይጥቀስ፤ በአሜሪካ የውርስ ንብረት ሲሸጥ ትርፍ የሚሰላው ከዚያ ቀን ዋጋ ተነሥቶ ነው።

እኛ ገና አልሸጥናትም። የአጎቴ ልጅ ሂታቺ ካርቡሬተር እያፈላለገ ነው፤ ያላችሁ ብትኖሩ አትጣሉ።