«ፔፐር» እና የአማርኛ አቻዎቹ

የእንግሊዝኛው «ፔፐር» በላቲንና በግሪክ በኩል ከሳንስክሪቱ «ፒፓሊ» የመጣ ነው። «ፒፓሊ» ግን ድቡልቡሉን ቁንዶ በርበሬ ሳይሆን ረዘም ያለውን፣ የኢትዮጵያን ጥምዝ የሚመስለውን ዘመዱን ይጠራ ነበር፤ ቃሉ ገና ከመነሻው ባለቤቱን ለውጧል። ከ1492 ወዲህ አውሮፓውያን በአሜሪካ ያገኙትን የሚያቃጥል ፍሬ፣ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ምንም የዘር ዝምድና ሳይኖረው፣ በዚያው ስም ጠሩት።

በዚህም ምክንያት አንዱ «ፔፐር» በአማርኛ ቁንዶ በርበሬም፣ በርበሬም፣ ቃሪያም ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያሳውቀው አጃቢው ቃል ነው፤ ከጨው ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ቁንዶ በርበሬ ነው። «ጨውና በርበሬ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ ሌላ ማዕድ ይወስደዋል።

ቃሉ ግስ ሲሆን መነስነስን፣ ከዚያም በጥይት ወይም በጥያቄ ማጣደፍን ያመለክታል። ብርታትን የሚገልጸው «ፔፕ»ም የእርሱ ቁራጭ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው በሕግ ቋንቋ ያለው አገባቡ ነው። በመካከለኛው ዘመን ኪራይ የሚከፈልበት ውድ ቅመም፣ ዛሬ «የፔፐርኮርን ኪራይ» ሲባል ለስሙ ያህል ብቻ የሚሰጥ ክፍያ ማለት ሆኗል፤ ውሉ ግን በዚያችው ፍሬ ይጸናል። በበርሙዳ፣ በሴንት ጆርጅ ከተማ፣ አንድ የፍሪሜሶን ማኅበር ለአሮጌው የመንግሥት ሕንፃ በየዓመቱ የሚከፍለው አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው።