ባለቤቱ ሌላ፣ ነዋሪው ሌላ፦ የጋራ መገልገያዎችና የዕለት ኑሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ የኮንዶሚኒየም መንደሮች

1. መግቢያ

ስለ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚካሄደው ውይይት በአብዛኛው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል። ስንት ቤት ተሠራ? ዕጣውስ ለማን ደረሰ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዕድለኛው ቁልፉን ተረክቦ በሩን ከከፈተ በኋላ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። ልብስ የት ይታጠባል? በርበሬ የት ይሰጣል? ለበዓል የተገዛው በግ የት ይታረዳል? ሰው ሲሞት ድንኳን የት ይተከላል? አንድ የቤቶች ስብስብ መንደር የሚሆነው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኙ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በከተማዋ ዳርቻ ባሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች የጋራ መገልገያዎች የሚጓደሉት ባለመሠራታቸው ብቻ አይደለም። የተሠሩትም ቢሆኑ የሚተዳደሩት በባለቤትነት፣ የሚያስፈልጉት ግን ለነዋሪነት በመሆኑ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆኑበት አጋጣሚ አለ። ጽሑፉ አዲስ የመጠይቅ ውጤት አያቀርብም፤ ሕጉን፣ የቤቶች መርሐ ግብሩን አሠራርና ጸሐፊው በተከራይነት ያየውን የዕለት ኑሮ ጎን ለጎን አድርጎ ይመረምራል።

2. ዳራ፦ ከመሐል ወደ ዳር

የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በተካሄደ የሙከራ ሥራ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግንባታው ሰፊ ባዶ መሬት ወደሚገኝበት ዳርቻ አመራ፤ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ቱሉ ዲምቱ የዚህ ጉዞ ውጤቶች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት አማራጮች ለሕዝብ ቀረቡ። የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው በቁጠባ የሚያዋጣውን፣ ሁለተኛው ደግሞ በባንክ ብድር የሚሸፈነውን መቶኛ ያመለክታል። በዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች በቅድሚያ ይመደብ ስለነበር በራሳቸው ስም ቤት ያገኙ ሴቶች ጥቂት አይደሉም።

ከአሠራሩ ሁለት ነገሮች ለዚህ ጽሑፍ መሠረት ይሆናሉ። አንደኛው፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲሠራ መደረጉ ነው፤ ነዋሪው በአጭሩ «ኮሚናል» ይለዋል። ሁለተኛው፣ በምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች በጨረታ መሸጣቸውና ገቢው የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ለመደጎም መታሰቡ ነው።

3. ኮሚናሉ የተሠራበት ምክንያት

የኮሚናሉ ሐሳብ ከኑሮ ግንዛቤ የመነጨ ነው። ከመሐል ከተማ ግቢ ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ላይ የገባ ቤተሰብ የሚያጣው ዋናው ነገር ደጁ ነው። በግቢ ኑሮ እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚሰጣው፣ ቅርጫ የሚከፋፈለውና ድግስ የሚደገሰው በደጅ ነበር። የኮንዶሚኒየም ማብሰያ ክፍል ለዕለት ወጥ ይበቃል፤ ጭስ ለሚበዛበት፣ ብዙ እጅ ለሚጠይቅ ሥራ ግን አይበቃም። ንድፉን ያወጡት ባለሙያዎች ይህን ተረድተው ለማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለከብት ማረጃ የሚሆን ስፍራ ለይተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ፎቁ የወሰደውን ደጅ ኮሚናሉ እንዲመልስ ታስቧል።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ሕጋዊ ማዕቀፉን ሰጠ። በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ ቤት የግል ሲሆን፣ የጋራ የሆነው ሁሉ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ይተዳደራል። የማኅበሩ አባልነት የሚመነጨው ከቤት ባለቤትነት ነው። ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ውስጥ እስከኖረ ድረስ ይህ አሠራር ችግር አያስከትልም፤ የሚወስነውም የሚጠቀመውም አንድ ሰው ነውና።

4. ክፍተቱ

በዳርቻ መንደሮች ግን ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን ያከራያሉ። ይህን እንደ ስግብግብነት ማየት ስሕተት ነው። የወር የባንክ ዕዳ አለ፤ ሥራና የልጆች ትምህርት ቤት መሐል ከተማ ነው፤ የመጓጓዣው ወጪና ድካምም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ በቀድሞ ሰፈሩ እየኖረ በኪራዩ ዕዳውን ይከፍላል፤ አዲሱን ቤት ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ይኖርበታል። ውጤቱ ያልታሰበ ክፍፍል ነው፤ በማኅበሩ ድምፅ ያለው በመንደሩ አይኖርም፣ በመንደሩ የሚኖረው በማኅበሩ ድምፅ የለውም።

በዚህ ሁኔታ ኮሚናሉ ለሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ይሆናል። ለራቀው ባለቤት የገቢ ምንጭ ነው፤ ክፍሎቹ ለመጋዘን፣ ለሱቅ ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት ቢከራዩ ለጥበቃና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ይገኛል። ለነዋሪው ግን ደጅ ነው። የማኅበሩ የገንዘብ ችግር እውነተኛ ስለሆነ የኪራዩ ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ሲነበብ ምክንያታዊ ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው በኑሮ ውስጥ ነው።

ጸሐፊው በሚኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ኮሚናሉ ተቆልፎ ነበር። ቀደም ሲል ለዕቃ ማስቀመጫ ተከራይቷል፤ ቁልፉ የነበረው በሌላ ክፍለ ከተማ በሚኖሩ አንድ የኮሚቴ አባል እጅ ነው። ድንኳኑ በመኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ። ወጡ በየቤቱ ተሠርቶ በደረጃ ወረደ፤ ውኃው በጀሪካን ወጣ። ማንም ሰው ክፉ አልሠራም፤ ቁልፍ ያዡ በስልክ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ተከራዩም ውል ነበረው። ይሁን እንጂ ለዚህ ቀን የተሠራው ሕንፃ በዚህ ቀን ዝግ ነበር። የሟች ልጅ ለቀስተኞችን ሲሸኝ፣ «እናቴ ለጥበቃውም ለጽዳቱም በየወሩ ከፍላለች» አለ። ክፍያው በተከራይነት ይጠየቅ ነበር፤ ስለ ኮሚናሉ አጠቃቀም ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

5. ዕድርና ጉልት

ለቅሶውን ያሳለፈው የሕንፃው ዕድር ነው። ዕድር ከባለቤቶች ማኅበር የሚለየው አባልነቱ በካርታ የማይወሰን በመሆኑ ነው፤ መዋጮውን የሚከፍልና ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት፣ ተከራይም ቢሆን፣ አባል ሊሆን ይችላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ አለው። በኮሚናሉ ላይ ግን በሕግ የተሰጠው ሥልጣን የለም። ስለሆነም ማኅበሩ ቦታ ይዞ ኑሮው የለውም፤ ዕድሩ ኑሮውን ይዞ ቦታ የለውም።

ይኸው ክፍፍል በንግድ ስፍራዎችም ይታያል። በጨረታ የተሸጠ ሱቅ የገዛበትን ዋጋ የሚመልስ ንግድ ይፈልጋል። በመሆኑም የቤት ዕቃ መሸጫና ምግብ ቤት በቀላሉ ይከፈታሉ፤ ወፍጮ ቤትና አትክልት መሸጫ ግን በዚያ ዋጋ መወዳደር ይቸግራቸዋል። ያን ጉድለት የሚሞሉት በመንገዱ ዳር ጉልት ይዘው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ ሴቶች ናቸው። ቦታቸው በንድፉ ስላልታሰበ በየጊዜው ይነሣሉ፤ ገዢ ስላላቸው ደግሞ ይመለሳሉ። መንደሩ የሚፈልጋቸውን ያህል የሚያውቃቸው ሰነድ የለም።

የሚጓደለው አገልግሎት ወደ ጉዞነት ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያትን ከጦር ኃይሎች በማገናኘቱ ወደ መሐል ከተማ ለሚሄድ ሠራተኛ አማራጭ ሆኗል። እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ለምትፈልግ እናት ወይም ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ መቀመጫ ለሚሻ አዛውንት ግን መፍትሔው ባቡር አይደለም። የእነርሱ ርቀት የሚለካው በደረጃና በእግር መንገድ ነው።

6. የመፍትሔ አቅጣጫ

ተከራይ በባለቤት ንብረት ላይ እኩል ድምፅ ይኑረው ማለት በሕግም በፍትሕም ያከራክራል። ጣሪያ ቢያፈስ ወይም የፍሳሽ መስመር ቢሰበር ዋናውን ወጪ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። እዚህ የቀረበው ሐሳብ ከዚያ የጠበበ ነው፦ ስለ ንብረቱ መወሰንና ስለ ዕለት አጠቃቀሙ መወሰን ይለዩ። የመዋቅር ጥገና፣ ግንባታና የረጅም ጊዜ ውል ለባለቤቶች ማኅበር ይሁኑ። የኮሚናሉ የአጠቃቀም ተራ፣ ንጽሕናና ቁልፍ ግን ተከራዮችንና የዕድሩን ተወካይ ላካተተ የነዋሪዎች ኮሚቴ በመተዳደሪያ ደንብ ይሰጡ። ኪራይ የግድ ከሆነም ቢያንስ አንዱ ክፍል ለለቅሶ፣ ለድግስና ለዕለት ሥራ ነፃ እንዲሆን ደንቡ ይወስን። ቁልፉ ደግሞ በሕንፃው ውስጥ በሚያድር ሰው እጅ ይቀመጥ።

7. ማጠቃለያ

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ደጅ ላጣ ቤተሰብ የጋራ ደጅ አስቦለት ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው። የጎደለው፣ ባለቤትና ነዋሪ ሲለያዩ ያ ደጅ የማን እንደሚሆን የሚመልስ ሥርዓት ነው። በዚህ ዘርፍ ጥናት የሚያካሂዱ ተመራቂ ተማሪዎች የተሠሩትን መገልገያዎች ከመቁጠር ባሻገር በየሕንፃው አንድ ቀላል ጥያቄ ቢጠይቁ ብዙ ይማራሉ፦ የኮሚናሉ ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ ነው? ያ ሰውስ የሚኖረው የት ነው?