አውሮፕላን፣ ትንሽ ሞተርና የደጋ አየር

ጓደኞቼ «የባጃጅ ሞተር አውሮፕላን ያነሣልን?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን ለማግኘት «ፀሐይ»ን እንመልከት።

ይህችን አውሮፕላን ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ ሠራት፤ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ኢጣሊያኖች ወሰዷት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ክንፍም የሚደገፈው በአየር ነው። ከፍታ ሲጨምር ግን አየሩ ይሣሣል። በአዲስ አበባ፣ በ2400 ሜትር ከፍታ፣ ከባሕር ጠረፉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ 115 የነበረው ጉልበት ወደ 90 ይወርዳል ማለት ነው። ሐረርም ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት ፍጥነቱን አንድ አሥረኛ ያህል መጨመር አለበት።

የባጃጅ ሞተር ደግሞ 10 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያም ላይ የደጋው አየር ይቀንስበታል። ሰው ጭኖ ለመነሣት እጅግ ይቸገራል።

እንግዲህ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ ሞተር ከመፈለጋችን በፊት ሚዛን እንያዝ። እንጨቱንም፣ ጨርቁንም፣ ነጂውንም እንመዝን። ከክብደቱ የምንቀንሳት እያንዳንዷ ኪሎ ለሞተሩ እንደ ተጨማሪ ጉልበት ትቆጠራለች።