ጠዋቱን ለባንኮክ፦ ለአስታማሚዋ ልጄ

ልጄ፣ ከእኛ ሰው ወደ ባንኮክ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ለሽርሽር አይደለም፤ ወይ ዕቃ ሊያመጣ፣ ወይ ሊታከም ነው። አንቺም እናትሽን ልታስታምሚ እንጂ አገር ልታዪ እንደማትሄጂ አውቃለሁ። ግን ማስታመም ግማሹ መጠበቅ ነው። በአንዱ ምርመራና በሌላው መካከል ባዶ ቀን አለ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስልክ ላይ አፍጥጦ መዋል አንቺን ያደክማል እንጂ እናትሽን አያድንም። በዚያው ጉዳይ ተመላልሼ ያየሁትን ልንገርሽ። ነገሬን ባጭሩ ልበልሽ፦ ጠዋቱን ለከተማዋ፣ ከቀትር በኋላ ያለውን ለእናትሽ ስጪ። በአንድ ጠዋትም ከአንድ ሰፈር በላይ አትመኚ።

1. ከመነሳትሽ በፊት ወረቀትሽን አሟዪ

ቪዛችሁን እዚሁ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርትሽ አትለዪው፤ ታይላንድ በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች፣ እኛም ከእነዚያ አገሮች ውስጥ ነን። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለሽ ውሰጂ። እናትሽን ግን ሐኪሟን ሳታማክሪ አታስከትቢያት። ክትባቱ ሕያው ነው፤ ለአንዳንድ ሕመምተኛና ዕድሜው ለገፋ ሰው ላይሆን ይችላል። አይሆንም ከተባለ ሐኪሟ በጽሑፍ ይስጥሽ።

ጊዜ የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ይሻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ያፍናል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። ዝናቡም ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ማልዶ የወጣ ከሙቀቱም ከዝናቡም ያመልጣል።

2. ዘመንና ሰዓት አያደናግርሽ

ታይላንዶች ዘመን የሚቆጥሩት በቡድሃ አቆጣጠር ነው፤ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይበልጣል። ደረሰኝ ወይም የቀጠሮ ወረቀት ላይ 2568 የሚል ብታዪ ስሕተት እንዳይመስልሽ፣ የፈረንጆቹ 2025 ማለት ነው። መድኃኒት ላይ የተጻፈ ቀን ግራ ካጋባሽ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። የሰዓት አቆጣጠራቸው ደግሞ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው፦ በቆየው ልማዳቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚሉት እኛም ከምሽቱ 1 ሰዓት የምንለውን ነው። የሐኪም ቤት ቀጠሮና የባቡር ሰዓት ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ በቃል የነገሩሽን ሁሉ በወረቀት አረጋግጪ። ከዚህ በታች ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ እነግርሻለሁ።

3. ከወንዙ ጀምሪ

ባንኮክን ከመንገዷ የጀመረ ሰው የሚተርፈው የመኪና ጭንቅንቅ ትዝታ ነው። ከወንዟ የጀመረ ግን ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች ይገባዋል። የቀድሞዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ስትወድም፣ ንጉሥ ታክሲን ወደ ደቡብ ወርዶ ከቻኦ ፍራያ ወንዝ በስተምዕራብ ቶንቡሪ ላይ ተቀመጠ። በ1782 የነገሠው ራማ 1ኛ ወንዙን ተሻግሮ መቀመጫውን በምሥራቁ ዳር አደረገ። ወንዙ እዚያ ጋ ስለሚታጠፍ፣ ጠላት በሚመጣበት በምዕራብ በኩል ውኃው አጥር ሆነለት፤ በቀረው ጎን ቦይ አስቆፈረ። ዛሬም በዙፋኑ ላይ ያለው የእሱ ዘር ነው፣ 10ኛው ራማ።

መንገዱ ቀላል ነው። የሰማይ ባቡር በሚሉት ሄደሽ ሳፋን ታክሲን ጣቢያ ውረጂ፤ ከሥሩ ሳቶርን የሚባለው የጀልባ ማቆሚያ አለ። ብርቱካንማ ባንዲራ ያለው ጀልባ የአገሩ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ነው፣ ሂሳቡም ትንሽ ነው። ሰማያዊ ባንዲራ ያለው ለጎብኚ የተዘጋጀ ስለሆነ ይወደዳል። ወንዙ ያው አንድ ወንዝ ነው፤ በብርቱካንማው ሂጂ።

4. ለታላቁ ቤተ መንግሥት አንድ ሙሉ ጠዋት ስጪው

በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ታ ቻንግ በሚባለው ማቆሚያ ወርደሽ በዚያው ሰዓት ተገኚ። አርፍደሽ ከደረስሽ ሰልፉና ፀሐዩ ያደክሙሻል። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 500 ባህት ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ጣል አድርጌ እገባለሁ ብትዪ ላይቀበሉሽ ይችላሉ፣ እጅጌ ያለው ልብስና ረጅም ቀሚስ ልበሺ።

በግቢው ውስጥ ዋት ፍራ ኬው የሚባለው የነገሥታቱ ቤተ መቅደስ አለ። አገሩ ሁሉ የሚያከብረው አረንጓዴው ቡድሃ ከፍታው 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ ዙፋን ላይ ስላለ ቀና ብለሽ ካላየሽው ያመልጥሻል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሙቀቱ፣ በዝናቡና በቀዝቃዛው ወቅት መግቢያ፣ ልብሱን የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ስትወጪ ዙሪያውን ያለውን የግድግዳ ሥዕል ሳታዪ አትሂጂ፤ ከሕንዱ ራማያና የተቀዳውን ራማኪየን የሚባለውን የአገራቸውን ታሪክ በተርታ ይተርካል።

5. «ዛሬ ዝግ ነው» የሚልሽን አትስሚ

በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ልብሱ ያማረ፣ እንግሊዝኛው የቀና ሰው ይጠጋሽና «ዛሬ በዓል ስለሆነ ዝግ ነው፤ ሌላ ቦታ ላሳይሽ» ይልሻል። ወዲያው ቱክቱክ ይቆማል፣ ዋጋው በነፃ ያህል ነው። መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ ወይም ልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ሾፌሩ የሚከፈለው ከዚያ ነው። «አገርሽ ወስደሽ እጥፍ አትርፈሽ ትሸጪዋለሽ» የሚለው ቃል በተለይ ለእኛ ሰው ይጣፍጣል። ዝግ መሆኑን የሚነግርሽ የበሩ ዘበኛ ብቻ ይሁን።

ታክሲ ስትይዢ ሜትር እንዲያበራ ጠይቂ፤ መነሻው 35 ባህት ነው። «ሜትር የለም» ካለሽ ሳትጨቃጨቂ ውረጂና ሌላ ያዢ።

6. ዋት ፖን እንደ አስታማሚ እዪው

ከቤተ መንግሥቱ በስተደቡብ ያለ ቤተ መቅደስ ነው፣ ግን ለሌላ ጠዋት አቆዪው። ሰው የሚጎርፈው 46 ሜትር ርዝመት ያለውን የተጋደመ ቡድሃ ለማየት ነው፤ በውስጥ እግሩ ላይ 108 ምልክቶች በሉል ቅርፊት ተለብጠውበታል። አንቺ ግን እሱን አይተሽ አትመለሺ። ከ1824 እስከ 1851 የነገሠው ራማ 3ኛ የአገሩ የመድኃኒትና የወጌሻ ዕውቀት ከአዋቂዎቹ ጋር ተቀብሮ እንዳይቀር ሠግቶ፣ በድንጋይ ላይ አስቀርፆ ማንም ሊያነበው በሚችልበት በዚህ ግቢ አስተከለው። ሰው የሚታሽባቸውን የጅማት መስመሮች የሚያሳዩ ሥዕሎች እስካሁን ግድግዳው ላይ አሉ። ዩኔስኮ ጽሑፎቹን በ2011 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የታይ መታሻ ትምህርት ቤትም አለው። ሰው ለመታከም ወደዚያች ከተማ መጉረፉ የዛሬ ነገር ቢሆንም፣ ሕክምናን ለሕዝብ ክፍት የማድረጉ አሳብ የቆየ መሆኑን እዚህ ታያለሽ።

መታሸቱን አንቺ ሞክሪው። እናትሽን ግን ሐኪሟ ሳይፈቅድ እንዳታሳሽያት።

7. ወንዙን ተሻገሪ

ከታ ቲየን ማቆሚያ ትንሽ ጀልባ ለጥቂት ባህት ወደ ዋት አሩን ቤተ መቅደስ ያሻግርሻል። ማማው ከሩቅ የተቀረፀ ድንጋይ ይመስላል፤ ስትቀርቢው በቻይና ሸክላ ሰባራ የተለበጠ ነው፣ አበባው ሁሉ ከስባሪ የተሠራ። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ስትወርጂ ተጠንቀቂ።

በዚያው ዳር ትንሽ ወደ ሰሜን ሲሪራጅ ሆስፒታል አለ፤ በዘመናዊ ሕክምና የአገሩ የመጀመሪያው ነው። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1888 የከፈቱት ገና ጨቅላ ሳለ በተቅማጥ በሞተባቸው ልጃቸው ስም ነው። የራሳቸውን ልጅ ቢያጡም ለድሃው የሚሆን የሕክምና ቤት ሠሩ። ይህን ለእናትሽ ብትነግሪያት ደስ ይላታል።

8. የቻይና ሰፈሩንም በጠዋት

የቻይና ሰፈሩን ያዎራትን ሰዉ የሚያወድሳት በምሽት ምግቧ ነው፤ ምሽት ግን የእናትሽ ሰዓት ነው። በጠዋት ሂጂና ዋት ትራይሚትን እዪ። 5 ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ለረጅም ዘመን በኖራ ተለብጦ ስለነበር ወርቅ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ በ1955 ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩት ልባጡ ተሰንጥቆ ወርቁ ታየ። ከበርማ ወራሪ ለመሸሸግ የተለበጠ ነው ይባላል።

9. ሥርዓታቸውን እወቂ

ጫማ ማውለቁን ከቤተ ክርስቲያን ስለምታውቂው አልነግርሽም። ስትቀመጪ ውስጥ እግርሽን ወደ ምስል ወይም ወደ ሰው አታዙሪ። የሰው ራስ ክቡር ነው፤ ሕፃን ቢያምርሽ እንኳ ራሱን አትዳብሺ። ሴት መነኩሴን አትነካም፣ ዕቃ ብታቀብዪው እንኳ ከእጅ ወደ እጅ አይሁን። ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በጣቢያውና በመናፈሻው ብሔራዊ መዝሙራቸው ሲሰማ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንቺም ቁሚ። ስለ ንጉሡ ደግሞ ምንም አትበዪ። እሳቸውን መዝለፍ በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፣ ፌስቡክ ላይ የጻፍሽውም ይቆጠራል።

10. ጾም ከያዘሽ አትጨነቂ

አትክልት ነው ብለው የሚያቀርቡልሽ ምግብ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ይገባበታል። አንቺ የምትፈልጊው እነሱ «ጄ» የሚሉትን ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ በቀይ የተጻፈበት ቢጫ ባንዲራ ነው። እስላም ወዳጅ ካለሽም በሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ፣ የዓረብ ሰፈር በሚሉት፣ ሐላል ምግብ በየበሩ ታገኛለች።

11. የገበያውን ነገር አሳጥሪው

ዘመድ ሁሉ «አምጪልን» ማለቱ አይቀርም። ቻቱቻክ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም፣ በሺህ የሚቆጠር ሱቅ ያለው ገበያ ነው፤ የምትገዢውን ጽፈሽ ካልገባሽ ቀኑን ሙሉ ይበላብሻል። የቡድሃ ምስል ለጌጥ ብለሽ አትግዢ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

12. እናትሽ ስትበረታ አብራችሁ ውጡ

ሐኪሙ ሲፈቅድላት ወደ ቤተ መንግሥቱ አትውሰጃት፣ ፀሐዩና ሰልፉ አይሆኗትም። ጀልባውም ሲያቆም ስለሚወዛወዝ ለደካማ ሰው አይመችም። ሉምፊኒ መናፈሻ ውሰጃት። ራማ 6ኛ በ1920ዎቹ ለሕዝብ የሰጠው ቦታ ነው፤ መሬቱ ሜዳ፣ መንገዱ ጥላ ነው፣ ማለዳ በዕድሜዋ ያሉ ሰዎች ቀስ እያሉ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ታያቸዋለች። ከኩሬው የሚወጣ አርጃኖ ግን አለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል። ካልነኩት አይነካም። ብቻ ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ልቧን ልታሳክሚ ወስደሽ በድንጋጤ እንዳትመልሻት።